ሞተሬን እንደ ፈረስ የሸለምኩ ለት

ጥር ሲገባ የሞተር ውድድር ስላለ ሱቄ በወጣቶች ይሞላል። እንጅባራ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ዘይት። ዓመቱን ሙሉ ሰውና ድንች ሲያመላልሱ የከረሙ ልጆች ከቤት ወጪ የተረፈቻቸውን ሳንቲም ይዘው ይመጡና ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ «ጋሼ፣ ለውድድሩ በዚህች ምን ምን እንግዛ?» ይሉኛል። ጥያቄው ለኔ ነው፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ባለ ነብር ተለጣፊ፣ እንደ በሬ የሚያገሳ ክላክስ ሰቅያለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ የሚሸጥ ነገር እሰቅላለሁ። ሰቅዬ ሳበቃ ደግሞ አትግዙት ብዬ እቆጣለሁ። ባለቤቴ በዚህ ፀባዬ ስቃ አትጠግብም።

መጀመሪያ ጎማ እላቸዋለሁ። ሣር ላይ ስትሮጥ ከመሬት ጋር የሚያገናኝህ እሱ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ካደረግህ ሞተርህ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው ባለህበት ጉድጓድ ትቆፍራለህ። ለሁለቱም ካልበቃህ የባሰበትን ቀይር፣ ሌላው ይቆይ። የፍሬን ሸራ ርካሽ ነው፤ ስለማይታይ ግን ማንም ብሩን እዚያ ማውጣት አይወድም። የራስ ቁር ከተረፈ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ እሱ ከሌለ ባትመጣ ይሻላል፣ ተበድረህም ቢሆን ከጓደኛህ ተዋስ። ከዚያ የቀረችውን ሳንቲም ሁሉ ቤንዚን ቅዳባትና ሜዳው ላይ ውጣ፤ ውጣና ተለማመድ። እስካሁን ካየኋቸው ተሸናፊዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ደክሞ አይደለም የተሸነፉት። ከሞተራቸው ጋር ሳይተዋወቁ ሄደው ነው።

ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። ሰምተው ሲያበቁ መብራቱን ገዝተው ይሄዳሉ። ቁጣዬ በሩን ሳይሻገሩ ይበርዳል፤ ምክንያቱም እኔ በነሱ ዕድሜ ሳለሁ ያደረግሁት ከነሱ የባሰ ነው። መብራት ቢያንስ ለመንገድ ይጠቅማል።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። እኛ አገር ይህን ማለት ሥራውን መናገር አይደለም። ሥራው ግብርና ነው፤ ገብስና ድንች ያመርታል። ፈረሰኛ ነው ሲባል ግን ከሰው መሐል የት እንደሚቆም መናገር ነው። ፈረሰኛ ሠርግ ሲኖር ሙሽራ ያጅባል፤ የወዳጅ ለቅሶ ሲሆን ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል፤ የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ በሚወጣበት በጥር የፈረስ ቀን ደግሞ ሜዳው ላይ ከእኩዮቹ ጋር የራሱ ቦታ አለው። አባቴ ዳማ ፈረስ ነበረው። ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ከኛ በፊት ጋጣው ጋ ሄዶ እሱን ነበር የሚጠይቅ፤ እናቴ፣ «እኛም እኮ አድረናል» ትለው ነበር።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ቁጭ ብዬ ከረምሁ። ያኔ ከእንጅባራ እስከ ግምጃ ቤት፣ ከዚያም አልፎ እስከ አዘና ድረስ ሰው ገበያ የሚወጣው በእግሩ ወይም በጋሪ ነበር፤ ሚኒባሱ በዋናው መንገድ ላይ እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ሞተር ያለው ልጅ ሰው እየጫነ መኖር እንደሚችል አየሁ። ሐሳቡን ለእናቴ ብቻ ነገርኋት። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት የሚነገረው አባት ጆሮ እንዲደርስ ነው ቢሉኝ አልክድም፤ ግን እሱ ምን ሊያደርግ ይችላል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ በፈረሱ ወጥቶ በእግሩ ተመለሰ። ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሟል፤ ልጓሙ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ሳየው ወዲያው ገባኝ። ገብቶ ኮርቻውን ከግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ በጨርቅ የተቋጠረውን ብር እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠና፣ ልጁ ሞተሩን ይግዛ ብሎ ወደ ድንቹ ማሳ ወረደ። እናቴ ብሩን ሳትነካው ብዙ ቆየች። እኔ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርሁ። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ሲቀመጡ እንዴት እንደሚከብዱ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሞተሯ አሮጌ ነበረች፣ ግን ታማኝ። በሷ በላን፤ ቤቱን በቆርቆሮ ከደንን፤ እህቴን አስተማርን። አባቴ አንድም ቀን ተቆጭቶ ሲናገር አልሰማሁትም። መንገድ ላይ ብቻውን ሲሄድ አገኘውና ቆሜ እንዲወጣ ስለምነው፣ «ሰው ጫን፤ ሥራህን ሥራ» ይለኝና በዱላው ወደፊት ያመለክተኛል። የማላውቀውን ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ አባቴን በአቧራ አልፌው እሄዳለሁ።

ጥር መጣ። ፈረስ ቀን ሲሆን አባቴ ከቤት አልወጣም። ከሜዳው የእልልታውና የኮቴው ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ እሱ አጥር ይጠግናል። አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር። እናቴ ቢያንስ ሄዶ እንዲያይ ብትለምነው፣ «በእግሬ ሄጄ የማንን አቧራ ልጠጣ?» አላት። የመጀመሪያው ዓመት ጓደኞቹ ሰው ላኩበት። ቀጥሎ ባለው ዓመትም ላኩበት። ከዚያ በኋላ ተዉት። ሰው ከቦታው ሲለቅ ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ይብሳል።

እኔ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ ሜዳው ላይ ተመልሶ እንዲቆም። ፈረስ ልገዛለት አቅም አልነበረኝም። እንዴት እንደማደርገው ሳላውቅ ዝም ብዬ እፈልገው ነበር።

የሞተር ውድድሩ ሐሳብ የመጣው ከዳንግላ ነው። እዚያ ጎሚስታ የሆነ ጓደኛ ነበረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ እያስተነፈሰ፣ እየለጠፈ የሚውል፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። እኔም እሱም ሞተር እንወዳለን፤ በቴሌቪዥን የውጭ አገር ልጆች በጭቃ ላይ በሞተር ሲዘሉ አይተን ልባችን ተሰርቋል። ፈረሰኞቹ በጨረሱ ማግስት ሜዳው ባዶ ነው፣ ለምን እኛ አንሮጥበትም አለ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ነው ነገሩ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ከብት እንዳናስደነብር አስጠንቅቀው ፈቀዱ። የሁለቱ ከተሞች ልጆች አዋጥተን ለአሸናፊው ሙክት ገዛን። እኔም በወተት ጣሳ ውስጥ ለውድድሩ ብዬ የማጠራቅማት ገንዘብ ነበረችኝ፤ ብዙ አይደለችም፣ ግን በላብ የመጣች ነች።

ጓደኛዬ የኋላ ጎማዬን በእጁ ዳብሶ ሳቀብኝ። ተላጭቷል አለኝ፤ በዚህ ጎማ ሣር ላይ ከምትወጣ በሬ ጋልበህ ብትመጣ ይሻልሃል አለኝ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ አለው፣ በቅናሽ ይሰጠኛል፤ በተረፈው የፍሬን ሸራ እቀይራለሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሜዳው ላይ ወጥተን እንለማመዳለን። ዛሬ እኔ ለልጆቹ የምነግራቸውን ሁሉ ያኔ እሱ ነግሮኛል። እሽ አልሁት። እሽ ያልሁት በአፌ ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሌላ ነገር አስብ ነበር። አባቴ ጎማ ሊያይ አይመጣም። ፈረሰኛ ሰው የሚመጣውን ከሩቅ የሚለየው በፈረሱ ልብስ ነው፤ ጀርባው ላይ በሚለብሰው ግላስ ቀለም፣ በሚንጠለጠለው የክር መርገፍ አጣጣል የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። እዚያ ሜዳ ላይ ሳይሸለም የሚገባ ፈረስ የለም፤ በራቁት ፈረስ መግባት አባትን ማዋረድ ነው። ሞተሬን እንዳለች ይዣት ብገባ ለአባቴ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነች። ሸልሜያት ብገባ ግን ሊያያት ይመጣል። ይህ ሌላ አገር ላለ ሰው ቂልነት ሊመስለው ይችላል። ለኔ ሥነ ሥርዓት ነበር።

ግምጃ ቤት ገበያ ላይ የፈረስ ዕቃ የሚሰፋ ሰውዬ ነበር። ሞተሯን ይዤለት ሄድሁና እንዲያለብሳት ጠየቅሁት። ሰውየው አልሳቀም፤ ገበያተኛው ነው የሳቀው። እሱ መለኪያ ገመዱን ይዞ ዞራትና አንገቷ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። የቤንዚን ታንከሩን አሳየሁት። ጭራዋስ አለኝ፤ የኋላ ጭቃ መከላከያዋን፣ ፓራፋንጎዋን አሳየሁት። ግንባሯ መብራቷ ነው ተባብለን ተስማማን። በመቀመጫዋ ላይ የሚለበስ ቀይ ግላስ፣ ዳር ዳሩን በቢጫ ክር የተጠለፈ፣ ለመብራቷ የግንባር ጌጥ፣ ለመሪዋ ትንንሽ ቃጭሎች፣ ከግራና ከቀኝ እስከ ታች የሚወርድ መርገፍ። የኋላው መርገፍ ረጅምና ብዙ ቀለም ያለው ነበር፤ ከሁሉም እሱን ወደድሁት። ጣሳዬ ባዶ ሆነ። ለጎማ አልቀረም፣ ለሸራ አልቀረም፣ ለመለማመጃ ቤንዚን እንኳ አልቀረም።

ጓደኛዬ ሲያያት ቃጭሎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ እንደ ወንበር የሚጠቀምበት አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሠርጉ መቼ ነው፣ ለማን ነው የምትዳራት አለኝ። ተቀይሜው አንድ ሳምንት አላናገርሁትም።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሞተሬን ሸልሜ ከቤት አወጣኋት። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በቀስታ እልል አለች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው መሰለኝ። አባቴ አጥሩ ጋ ነበር። ዱላውን አስደግፎ መጣ። በግራዋ በኩል ቀረብ አለ፣ ሰው ወደ ፈረስ የሚቀርበው በግራ ነው። ግላሱን ገልጦ ስፌቱን አየ። ማን እንደሰፋው ጠየቀኝና ነገርሁት፤ ሰውየው በክር ላይ ይሰስታል አለ። ከዚያ ዞሮ ወደ ኋላዋ ሄደና የምወደውን መርገፍ በሁለት ጣቱ አነሳው።

«ይኼ ረዝሟል» አለኝ። «ፈረስ ቢሆን እግሩን ይጠልፈዋል።»

ፈረስ አይደለችም፣ ምንም አትሆንም አልሁት። ዱላውን አንስቶ ወደ አጥሩ ተመለሰ። ይምጣ አይምጣ አልተናገረም፣ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ቃጭሎቿን እያንሿሿሁ ብቻዬን ወረድሁ።

ሜዳው ጠዋት ውርጭ ነበረበት። የትናንቶቹ ፈረሶች ኮቴ መሬቱ ላይ ታትሞ ደርቋል፤ ከወንዙ ጠርዝ ያለው ጨፌ ግን እንደ ሁልጊዜው እርጥብ ነው። ልጆች ሞተራቸውን እያስጮሁ ተሰልፈዋል። እኔ ስደርስ ሳቅና ጭብጨባ አንድ ላይ ሆነ፤ አንዳንዱ ያሾፋል፣ አንዳንዱ ከልቡ ያደንቃል። እኔ ዓይኔ ሰው ፍለጋ ነበር። ትናንት ሽማግሌ ፈረሰኞች በቆሙበት በኩል አየሁ፤ ለወሬ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ የአባቴ እኩዮች ናቸው። እሱ የለም። ልንነሳ ስንል ከሜዳው ማዶ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ ሥር፣ ጋቢውን የተከናነበ ሰው ዱላውን ተደግፎ ቆሞ አየሁ። በዚያ በኩል መንገድ አለ፤ ሰው ቢጠይቀው መንገደኛ ነኝ እንጂ ላይ አልመጣሁም ይላል። ግን መጥቷል። ደስታዬ ከልክ አለፈና በግራ እጄ የጨበጥሁትን ፍሪሲዮን መልቀቅ ረስቼ ከሁሉም በኋላ ተነሳሁ።

ሜዳውን ብዙ ጊዜ መዞር ነበረብን። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ልጆች አልፌ ጓደኛዬን መከተል ጀመርሁ። ቃጭሎቼ ይንጫጫሉ፣ ግላሴ ይርገበገባል፤ ሕፃናት ከጎኔ ይሮጣሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላገኘሁትም። ጨፌው ጋ ስንታጠፍ የጓደኛዬ ጎማ መሬቱን ነክሶ ሲሄድ የኔ የተላጨው ጎማ ተንሸራተተ። በእግሬ ደግፌ አዳንኋት። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ ደገመኝ፤ ሞተሯ ጎኗን ስታዘነብል ረጅሙ መርገፍ ነፋስ ይዞት የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ካቴና ውስጥ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኔው መፈታቱ ቀርቶ ተጠመጠመ። የኋላ እግሯ በአንድ ጊዜ ቆመ። እኔ በላይዋ በርሬ ጭቃው ውስጥ በደረቴ ወደቅሁ።

እኛ አገር ከፈረስ የወደቀን ሰው ሮጦ ማንሳት ነውር ነው። የሚደረገው ፈረሱን መያዝ ነው። ሰዎች ፈረሱን ይዘው ወዳለህበት ያመጡልሃል፤ አንተ በራስህ ትነሳለህ፣ እንደገና ትወጣለህ፣ ውርደቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እኔ ጭቃ ውስጥ ስተኛ ማንም አልመጣም፤ ሊያነሱኝ የተነሱ ልጆችን አንድ ሽማግሌ ተዉት ሲላቸው ሰማሁ። ግን ሞተሯንም የሚይዝ አልነበረም። ጠፍታ በጎኗ ተኝታለች፣ እርጥቡ ሣር ላይ የጋለው የጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታዋ ይጨሳል። የትም አትሸሽም። ሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶት ቆመ። እኔም ሳልነሳ ቆየሁ፤ ሞተሬን የሚይዝልኝ ከሌለ ምን ሊያስነሳኝ።

አባቴ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። አልሮጠም። የደነገጠ ፈረስ የሚያረጋጋ ሰው እንደሚሄደው ቀስ እያለ፣ በጎን በኩል፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ነው የመጣ። በግራዋ ደርሶ መሪዋን ያዘና አቆማት። ጎንበስ ብሎ ካቴናውን አየ። ከወገቡ ቢላዋውን መዘዘ።

«አባዬ፣ ያለችኝን ሁሉ እሱ ላይ ነው ያወጣሁት» አልሁት ከጭቃው ውስጥ።

«ልብስ ነው» አለ። «ይቆረጣል።»

መርገፉን ከሥሩ ቆረጠው። ካቴናው ውስጥ የተጠመጠመውን ክር በጣቱ እየሳበ አወጣ፤ እጁ በዘይት ጠቆረ። ያ ሁሉ ቀለም ጭቃው ላይ ወደቀ። ከዚያ መሪዋን እንደ ልጓም ይዞ እየገፋት እኔ ጋ አመጣትና ቆመ። ተጎዳህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ውጣ» አለኝ።

ተነስቼ ወጣሁ። ማስነሻዋን በእግሬ ብመታ፣ ብመታ አልነሳ ብላ በመጨረሻ ተነሳች። አባቴ መሪዋን እስክትነሳ ድረስ አልለቀቀም፤ ስትነሳ ለቀቃት። የቀረውን ዙር ብቻዬን ዞርሁት። ጓደኛዬ ሙክቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲጨፍር እኔ ገና ማዶ ላይ ነበርሁ። ከሁሉም ኋላ ገባሁ፤ በእርግጥ የወደቁና የተዉ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ እነሱን ካልቆጠርን።

መጨረሻው ጋ አባቴ ቀድሞኝ ደርሷል። ዛፉ ሥር አልተመለሰም፤ ልጆቻቸው የጋለቡ አባቶች በሚቆሙበት ቦታ ነበር የቆመው። ሞተሬን ሳቆም ጋቢውን ከላዩ አወለቀ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ በርዶኝ፣ ሊያለብሰኝ ነው ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። እሱ ጋቢውን በላዬ አሳልፎ ሞተሯ ላይ ጣለው። የሮጠ ፈረስ ብርድ እንዳይመታው ከጋላቢው በፊት ይለብሳል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንን ነው፤ እጁ ሌላ አያውቅም። ወዲያው የተቃጠለ ጥጥ ሽታ መጣ። ጋቢው የጋለው ማርሚታ ላይ ወድቆ ይጨሳል። ጮህሁ፤ አባቴም ደንግጦ ሳበው። መሐሉ ላይ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሆኗል። ያየ ሁሉ ሳቀ። አባቴ ቀዳዳውን በጣቱ ሲለካ ቆየና እሱም ሳቀ። ፈረሱን ከሸጠ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

የተጎዳው ካቴናዋ ከዚያ በላይ ስለማያስኬድ ወደ ቤት እየገፋን ወሰድናት፣ እኔ በመሪዋ፣ እሱ እጁን መቀመጫዋ ላይ አድርጎ። ሽቅብ ላይ ስንደርስ ከልብሱ በፊት እግሯን ማየት ነበረብህ አለኝ። ዛሬ ለልጆቹ ጎማ፣ ጎማ እያልሁ የምጮኸው ይህንኑ ነው፤ እነሱ ግን ራሴ ያወቅሁት ይመስላቸዋል። ያን ገንዘብ እንደ ነጋዴ ካሰብሁት በከንቱ ያለቀ ነው። ጎማውን ብገዛ ምናልባት ሙክቱን እበላ ነበር። ብገዛ ደግሞ አባቴ አጥሩ ጋ ይውል ነበር። ይህን ለልጆቹ አልነግራቸውም፤ ለአንድ ሰው የሠራው ለሌላው አይሠራም፣ ላይሠራ የሚችልን ነገር ደግሞ በነሱ አንገት ላይ መሞከር አልፈልግም።

እናቴ ቀዳዳውን ልጣፈው ብላ ለመነች። ተዪው አላት። በቀዳዳው ጋቢ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ በቀዳዳው ጋቢ ገበያ ወጣ። እናቴ ሰው ምን ይለኛል እያለች ትናደድ ነበር፣ እሱ ግን ከሌላው ጋቢ ይልቅ እሱን መረጠ።

በዓመቱ ፈረስ ቀን ሲደርስ አባቴ ማለዳ ተነስቶ ተጣጠበ። ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ማንም ሳይለምነው በእግሩ ወደ ሜዳው ወረደ። እኔ ቆይቼ ተከተልሁት። ሽማግሌ ፈረሰኞቹ የተሸለሙ ፈረሶቻቸው ላይ ሆነው፣ አንዳንዶቹም ወርደው ልጓም ይዘው ቆመዋል። አባቴ ከነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። የድሮ ወዳጁ የሆነ ሰው ከፈረሱ ላይ ሆኖ አየውና ጋቢህን ምን አገኘው ብሎ ጠየቀው።

«የልጄ ፈረስ ነክሶኝ ነው» አለ አባቴ።

ፈረሰኞቹ ሳቁ። ነገሩን ሁሉም ያውቁታል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያወሩት ነው የከረሙ። አባቴ አልሳቀም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ሳቁ በረድ ሲል ያ ወዳጁ ፈረሱን ወደ ጎን ሳብ አደረገው። ከጎኑ ያለውም ጠጋ አለ። አባቴ ገብቶ መሐላቸው ቆመ።